ሕዋስ የሚያፈርሰውን ይመርጣል፦ በ“ኦቶፋጂ” ስም በሚሰጡ የጤና ምክሮች ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

ጃፓናዊው የሕዋስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ዮሺኖሪ ኦሱሚ እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የሕክምና ሽልማትን ለብቻቸው ከተቀበሉ ወዲህ፣ ቀደም ሲል ከቤተ ሙከራ ውጪ እምብዛም የማይሰማ አንድ ቃል አደባባይ ወጥቷል። ቃሉ “ኦቶፋጂ” ሲሆን፣ ከግሪክ የተወሰደና “ራስን መብላት” የሚል ትርጉም ያለው ነው። ሕዋስ ያረጁ፣ የተበላሹ ወይም ከሚፈለገው በላይ የሆኑ የራሱን ክፍሎች አፍርሶ፣ ፍርስራሹን መልሶ ለግንባታና ለኃይል ምንጭነት የሚጠቀምበትን ሥርዓት ያመለክታል።

ቃሉ አደባባይ ሲወጣ ግን ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ ይዞ አልወጣም። በስልክ በሚዘዋወሩ መልእክቶች፣ በአጫጭር ተንቀሳቃሽ ምስሎችና በአመጋገብ መጻሕፍት “ጾም ካንሰርን እንደሚያጠፋ የኖቤል ሽልማት አረጋገጠ”፣ “ከ16 ሰዓት ረሃብ በኋላ ሰውነት ቆሻሻውን መብላት ይጀምራል”፣ “3 ቀን ውኃ ብቻ የጠጣ ሰው እንደ አዲስ ይታደሳል” የሚሉ አባባሎች ተበራክተዋል። አባባሎቹ በመልእክትነታቸው ብቻ አልቀሩም፤ የጤና ተቋማትን ደጅ አልፈው ገብተዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ታካሚ፣ ኬሞቴራፒ የተጀመረላት እናት፣ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በመውሰድ ላይ ያለ ወጣት “ዶክተር፣ ብራብ አይሻለኝም?” ብለው ቢጠይቁ ሊያስደንቅ አይገባም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጾምን መንቀፍ አይደለም፤ ሳይንሱንም ማሳነስ አይደለም። ዓላማው በአባባሎቹና በተረጋገጠው እውቀት መካከል ያለውን ርቀት መለካት፣ ርቀቱም ከምን እንደመጣ ማሳየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉና የግኝቱ አመጣጥ

ቤልጂጋዊው ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ሊሶሶም የተባለውን የሕዋስ ክፍል ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቁ። ሊሶሶም በአሲድና በአፍራሽ ኢንዛይሞች የተሞላ፣ በሽፋን የተከለለ ከረጢት ነው። በ1962 ቶማስ አሽፎርድና ኬዝ ፖርተር ግሉካጎን በተሰጣቸው አይጦች የጉበት ሕዋስ ውስጥ፣ በእነዚህ ከረጢቶች ሆድ የማይቶኮንድሪያ ቁርጥራጮችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመለከቱ። በ1963 ደ ዱቭ ለክስተቱ “ኦቶፋጂ” የሚለውን ስም አወጡለት። ደ ዱቭ በ1974 ከአልበርት ክሎድና ከጆርጅ ፓላዴ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ክስተቱ በምስል የሚታይ፣ አሠራሩ ግን የማይታወቅ ሆኖ ቆየ። ይህን ቋጠሮ የፈቱት ኦሱሚ ናቸው። ሥራቸውን የጀመሩት በሰው ወይም በአይጥ ላይ ሳይሆን በእርሾ ላይ ነበር። በእርሾ ውስጥ የሊሶሶምን ሥራ የሚሠራው ቫኩዎል የተባለ ክፍል ነው። ኦሱሚ የቫኩዎል አፍራሽ ኢንዛይሞች የጎደሏቸውን የእርሾ ዝርያዎች ወስደው ናይትሮጅን በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ አስቀመጧቸው። የተላኩት ከረጢቶች ሳይፈርሱ ስለቀሩ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቫኩዎሉ በእነርሱ ተሞልቶ በተራ ማይክሮስኮፕ ሊታይ ቻለ። ይህ ውጤት በ1992 ታተመ። በ1993 ደግሞ እርሳቸውና ባልደረባቸው ለሂደቱ አስፈላጊ የሆኑ 15 ጂኖችን የሚያመለክቱ የእርሾ ዝርያዎችን ለይተው አቀረቡ። ቆይቶ ከእነዚህ ጂኖች የአብዛኞቹ አቻ በሰው ሕዋስ ውስጥም እንደሚገኝ ታወቀ።

እንግዲህ የ2016ቱ ሽልማት የተሰጠው የኦቶፋጂን አሠራር ላስገኘው ለዚህ ሥራ ነው። በሽልማቱ ውስጥ የጾም ሰዓት ቁጥር የለም፤ የታከመ የካንሰር ሕመምተኛም የለም። የተራበው እርሾ ነው፤ የተነፈገውም ናይትሮጅን ነው። ይህን መግለጽ የግኝቱን ክብር አይቀንስም። እንዲያውም የግኝቱ ታላቅነት ከእርሾ እስከ ሰው የዘለቀ አንድ መሠረታዊ ሥርዓት በመግለጡ ላይ ነው።

የሥርዓቱ ፍሬ ነገር መምረጥ ነው

በአደባባይ ከሚነገረው ውስጥ ፈጽሞ የማይጠቀሰው፣ ነገር ግን ላለፉት ሃያ ዓመታት የዘርፉ ዋና ትምህርት የሆነው ነጥብ መምረጥ ነው። ሕዋስ ያገኘውን ሁሉ አያፈርስም።

በአዲስ አበባ መንደሮች “ቆራሌው!” እያለ የሚዞር ሰው ያየውን ሁሉ ጭኖ አይሄድም። የተሰነጠቀውን ባልዲ፣ የዛገውን ቆርቆሮ፣ ባዶውን ጠርሙስ ለይቶ ይገዛል፤ ብረቱ ምናለሽ ተራ ደርሶ ተቀጥቅጦ ምድጃ ሆኖ ይመለሳል። ደኅናውን ድስት ግን የቤቱ ባለቤት ካላወጣችለት አይነካውም። በሕዋስ ውስጥም “ይህ ይውጣ” የሚል ምልክት አድራጊ አለ። ከምልክቶቹ ዋነኛው ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ነው። አሮን ቺካኖቨር፣ አቭራም ሄርሽኮና ኧርዊን ሮዝ በ2004 የኖቤል የኬሚስትሪ ሽልማት የተቀበሉት፣ ዩቢኩዊቲን የተለጠፈበት ፕሮቲን እንዴት ወደ መፍረስ እንደሚላክ በማሳየታቸው ነው። በነጠላ የሚፈርሰውን ፕሮቲን ፕሮቲአሶም የተባለው መፍጫ ይቀበለዋል። ለዚያ መፍጫ የሚተልቀው፣ ማለትም የተጣበቀ የፕሮቲን ክምችት፣ የተጎዳ ማይቶኮንድሪያ፣ ወይም ሾልኮ የገባ ባክቴሪያ፣ በድርብ ሽፋን ተጠቅልሎ ወደ ሊሶሶም ይላካል። ምልክቱን አንብቦ ሸክሙን ከጥቅሉ ጋር የሚያገናኙ ፕሮቲኖችም አሉ። ከእነርሱ አንዱ ፒ62 ሲሆን፣ በአንድ እጁ ዩቢኩዊቲንን፣ በሌላው እጁ በጥቅሉ ሽፋን ላይ የተተከለውን ኤልሲ3 የተባለ ፕሮቲን ይይዛል።

የዚህ መምረጥ ምሳሌዎች ለሕክምና ባለሙያ ሩቅ አይደሉም። ቀይ የደም ሕዋስ ለአካለ መጠን ሲደርስ ማይቶኮንድሪያዎቹን በሙሉ ያስወግዳል፤ በ2007 እና በ2008 የታተሙ ጥናቶች ኒክስ የተባለው ፕሮቲን የጎደላቸው አይጦች ይህን በአግባቡ ማድረግ እንደማይችሉና የደም ማነስ እንደሚገጥማቸው አሳይተዋል። ብረት በሕዋስ ውስጥ ሲያንስ ፌሪቲን የተባለው የብረት ጎተራ ተመርጦ ይፈርሳል፤ መራጩ ኤንሲኦኤ4 የተባለ ፕሮቲን መሆኑ በ2014 ታውቋል። በወጣትነት የሚጀምር በዘር የሚተላለፍ የፓርኪንሰን ሕመም ከሚያስከትሉት ጂኖች ሁለቱ፣ በ1998 የተለየው ፓርኪንና በ2004 የተለየው ፒንክ1፣ የተጎዳ ማይቶኮንድሪያን ለይተው ምልክት በማድረግ እንደሚተባበሩ ከ2008 ጀምሮ በተሠሩ ጥናቶች ተብራርቷል።

ከሁሉም በላይ የሚያስተምረው በ2006 በጃፓን የወጡት ሁለት ጥናቶች ናቸው። ተመራማሪዎቹ በአንጎል ሕዋሳት ብቻ የኦቶፋጂ ጂኖችን ያጠፉባቸውን አይጦች አሳደጉ። አይጦቹ አልተራቡም፤ እንደ ወትሮው ይመገቡ ነበር። ሆኖም በነርቭ ሕዋሳታቸው ውስጥ የፕሮቲን ክምችት ተጠራቀመ፣ እንቅስቃሴያቸው ተዛባ፣ የነርቭ ሕዋሳታቸውም ሞቱ። ይህ የሚያሳየው አንጎልን በየዕለቱ የሚያጸዳው ሥርዓት ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሳይሆን፣ በጥጋብም ጊዜ ሳይቋረጥ የሚሠራው መሆኑን ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት፦ የረሃብን ሥራ ከጽዳት ሥራ ጋር ማደባለቅ

“ሰውነት ሲራብ ቆሻሻውን ይበላል” የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን አንድ ያደርጋል። አንደኛው ከላይ የተገለጸው፣ የተበላሸውን ለይቶ የሚያነሣው ሥራ ነው። ሁለተኛው ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሲሆን፣ ዓላማው ጽዳት ሳይሆን ስንቅ ነው። ምግብ ሲጠፋ ኤምቶር የተባለው ተቆጣጣሪ ፕሮቲን ይዳከማል፣ ኦቶፋጂ ይነሣሣል፣ ሕዋሱም ከራሱ ይዘት በጅምላ ወስዶ አሚኖ አሲድ ያወጣል። የሚወስደው በአብዛኛው ስለተበላሸ ሳይሆን ስላስፈለገው ነው።

ለዚህ የሚጠቀስ ግልጽ ማስረጃ አለ። በ2011 ሁለት የምርምር ቡድኖች በሙከራ ሳህን ላይ የሚያድጉ ሕዋሳትን አስርበው ሲመለከቱ፣ ማይቶኮንድሪያዎቹ እርስ በርስ ተያይዘው እንደሚረዝሙና በዚህም ከመፍረስ እንደሚድኑ አገኙ። የተራበው ሕዋስ ኃይል ማመንጫውን ሰውሮ ሌላውን ይበላል እንደ ማለት ነው። “ረሃብ ያረጁ ማይቶኮንድሪያዎችን ይጠርጋል” የሚለው አባባል ከዚህ ውጤት ጋር ሲተያይ እንደ ተነገረው ቀላል አይሆንም።

ረሃብ የሚቀሰቅሰው ኦቶፋጂ ጥቅም የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የእትብቱ ቧንቧ ተቆርጦ የእናቱ ምግብ በተቋረጠበት ሰዓት፣ አዲስ የተወለደ የአይጥ ግልገል ኦቶፋጂው በብዙ የሰውነት ክፍሎች ከፍ ይላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ኤቲጂ5 የተባለ ጂን የጠፋበት ግልገል ደግሞ በተወለደ በአንድ ቀን ውስጥ ይሞታል። ሥርዓቱ ሕይወት አድን የችግር ጊዜ ስንቅ ነው። ሆኖም ስንቅ የሚበላው መንገድ ላይ ስለሆኑ እንጂ ለጤና ተብሎ አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት፦ ከአይጥ ወደ ሰው መዝለል

“16 ሰዓት” ወይም “3 ቀን” የሚሉት ቁጥሮች በሰው ላይ ከተደረገ ልኬት የተገኙ አይደሉም። በረሃብ ጊዜ ስለሚጨምረው ኦቶፋጂ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከእርሾ፣ ከሕዋስ እርባታና ከአይጥ የመጣ ነው። ለትንሽ የላቦራቶሪ አይጥ የአንድ ቀን ረሃብ ከሰውነቷ ክብደት ጉልህ ድርሻ የሚያሳጣ ከባድ ፈተና ነው፤ ለአዋቂ ሰው የአንድ ቀን ረሃብ ከዚያ ጋር አይስተካከልም። ሰዓትን በሰዓት ለውጦ ማስላት አይቻልም።

የአካል ክፍሎችም አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም። ኖቦሩ ሚዙሺማና ባልደረቦቻቸው በ2004 ኤልሲ3 በብርሃን እንዲደምቅ የተደረጉ አይጦችን አስርበው ሲመለከቱ፣ በጉበት፣ በጡንቻና በልብ ኦቶፋጂ በግልጽ ጨመረ፤ በአንጎል ግን 48 ሰዓት ከተራቡ በኋላም ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። በ2010 ሌላ ቡድን በአይጥ የነርቭ ሕዋሳት ጭማሪ ማየቱን አሳትሟል። ነገሩ በአይጥ እንኳ ባልተቋጨበት ሁኔታ፣ ለሰው “አንጎልህን በረሃብ አጽዳ” ብሎ መምከር ከማስረጃው ቀድሞ መሮጥ ነው።

በዚህ ላይ የመለኪያ ችግር አለ። በአንድ አውራ ጎዳና ላይ ብዙ መኪና መታየቱ ጉዞው ስለተፋጠነ ሊሆን ይችላል፤ ከፊት ለፊት መንገዱ ስለተዘጋም ሊሆን ይችላል። ኤልሲ3 በሕዋስ ውስጥ በዝቶ መገኘቱም እንዲሁ ነው፤ ጥቅሎቹ በብዛት እየተሠሩ ወይም ተሠርተው መፍረሻ አጥተው ሊሆን ይችላል። የዘርፉ ተመራማሪዎች ከ2008 ጀምሮ በተከታታይ ባወጧቸው የልኬት መመሪያዎች አጥብቀው የሚያሳስቡት ይህንኑ ነው። የአንድ ታካሚ ጉበት ወይም አንጎል ምን ያህል ኦቶፋጂ እያካሄደ እንደሆነ የሚነግር፣ በጤና ተቋም የሚሠራ የደም ምርመራ የለም። የማይለካን ነገር በሰዓት ቆጥሮ ማዘዝ ደግሞ የሕክምና ምክር ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው ስሕተት፦ “ሲበዛ ይሻላል” የሚለው እምነት

ካንሰርን በተመለከተ የሚነገረው ከሁሉ የከፋ ነው። ቤዝ ሌቪንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ቤክሊን 1 የተባለው የኦቶፋጂ ጂን የዕጢን እድገት እንደሚገታ አሳይተው ነበር፤ “ኦቶፋጂ ካንሰርን ያጠፋል” የሚለው አባባልም መነሻው ከዚህ ወገን ነው። ሆኖም ታሪኩ በዚያ አላበቃም። በ2011 የወጡ ጥናቶች ራስ በተባለው ጂን ለውጥ የሚነዱ ዕጢዎች፣ ከእነርሱም የቆሽት ካንሰር፣ ለማደግ የራሳቸውን ኦቶፋጂ እንደሚጠቀሙበት አሳዩ። ጤነኛ ሕዋስን ከብልሽት የሚጠብቀው ያው ሥርዓት፣ ዕጢ ከተመሠረተ በኋላ ዕጢውን በችግር ጊዜ የሚቀልበው ይሆናል።

በመሆኑም በቆሽት ካንሰር የተደረጉት የሕክምና ሙከራዎች ኦቶፋጂን ለማነሣሣት ሳይሆን ለመግታት የታቀዱ ነበሩ። ለዚህም ሃይድሮክሲክሎሮኪን ተመረጠ፤ ምክንያቱም ይህ መድኃኒት፣ በኢትዮጵያ ለቫይቫክስ ወባ እንደሚሰጠው እንደ ክሎሮኪን ሁሉ፣ ሊሶሶም ውስጥ ገብቶ አሲዱን ስለሚያዳክም ነው። በ2019 ውጤቱ በታተመ ሙከራ የተስፋፋ የቆሽት ካንሰር ያለባቸው 112 ሕመምተኞች ተሳትፈዋል። ከኬሞቴራፒው ጋር ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከተሰጣቸው በ12 ወር በሕይወት የነበሩት 41 በመቶ፣ ኬሞቴራፒ ብቻ ከተሰጣቸው ደግሞ 49 በመቶ ነበሩ። ዕጢው የቀነሰላቸው በመጀመሪያው ወገን 38 በመቶ፣ በሁለተኛው 21 በመቶ ሲሆኑ፣ የዕድሜ ጭማሪ ግን አልተገኘም። ስለዚህ ማነሣሣቱ እንደሚያድን አልተረጋገጠም፤ መግታቱም በሚፈለገው መጠን አላዳነም።

ጾምን የሚመስል አመጋገብን ከኬሞቴራፒ ጋር የሞከሩ ጥናቶችም አሉ። በ2020 ከኔዘርላንድስ የወጣው ጥናት 131 የጡት ካንሰር ያለባቸውን ሴቶች ያካተተ ነበር። በምስል ምርመራ የተሻለ ምላሽ ታይቷል፤ ነገር ግን ዕጢው ሙሉ በሙሉ በጠፋላቸው ሴቶች ቁጥርም ሆነ በመድኃኒቱ ጉዳት መጠን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። አመጋገቡን ቢያንስ ለግማሹ የኬሞቴራፒ ዙር የጠበቁት ከተመደቡት ሲሶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ይህ ለተጨማሪ ጥናት የሚጋብዝ ውጤት ነው፤ ኬሞቴራፒን ትቶ ለመራብ የሚያበቃ ማስረጃ ግን አይደለም።

በቤተ ሙከራና በመንደር መካከል፦ የሳንባ ነቀርሳ ትምህርት

ሂሱ በአደባባይ ተናጋሪዎች ላይ ብቻ ሊያነጣጥር አይገባም። ከቤተ ሙከራ ወደ ታካሚ አቋራጭ መንገድ የመፈለግ ፈተና ተመራማሪዎችንና ሐኪሞችንም ያገኛል። ለዚህ የሳንባ ነቀርሳን ያህል የሚያስተምር ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በ2004 የታተመ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ በሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የተያዙ ማክሮፋጆች በሙከራ ሳህን ላይ ምግብ ሲነፈጉ ወይም ራፓማይሲን ሲጨመርባቸው ኦቶፋጂያቸው ተነሣሥቶ የባክቴሪያውን ሕልውና እንደሚቀንስ አሳየ። በ2015 የወጣ የአይጦች ጥናት ጉዳዩን አወሳሰበው። ኤቲጂ5 የጎደላቸው አይጦች በሳንባ ነቀርሳ ፈጥነው ሲሞቱ፣ ሌሎች የኦቶፋጂ ጂኖች የጎደሏቸው ግን በሽታውን እንደ ጤነኞቹ ተቋቋሙ፤ ይህም የኤቲጂ5 ጥቅም ከኦቶፋጂ ውጪ ባለው ሥራው ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በ2023 ደግሞ በሰው ማክሮፋጆች ላይ የተሠራ ጥናት ኤቲጂ7 እና ኤቲጂ14 የባክቴሪያውን መራባት እንደሚገቱ አሳይቶ ሐሳቡን መልሶ አነሣው። ሳይንስ እንዲህ እየተራረመ የሚሄድ ስለሆነ፣ ይህ መመላለስ ነውር ሊባል አይችልም።

ነውሩ የሚመጣው ከመካከል አንዱን ውጤት አንሥቶ ለሰው ምክር ማድረግ ሲጀመር ነው። የ2004ቱን ውጤት ብቻ ያነበበ ሰው “የሳንባ ነቀርሳ ያለበት ወይም ከሕመምተኛ ጋር የሚኖር ሰው ቢራብ ማክሮፋጆቹ ይበረታሉ” የሚል ድምዳሜ ላይ ሊደርስ ይችላል። በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። በሕንድ ጃርክሃንድ ክልል ተካሂዶ በ2023 የታተመ ጥናት ከሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኞች ጋር በአንድ ቤት የሚኖሩ 10,345 ሰዎችን ተከታትሏል። ለሕመምተኞቹ በሁለቱም ወገን ምግብ ተሰጠ፤ ለቤተሰቦቻቸው ግን በአንደኛው ወገን ብቻ ወርኃዊ የምግብ እርዳታ ተሰጠ። ምግብ ባገኙት ቤተሰቦች አዲስ በሳንባ ነቀርሳ የሚያዙት ሰዎች መጠን በ39 በመቶ ቀነሰ፤ በላቦራቶሪ በተረጋገጠው የሳንባ ዓይነት ደግሞ በ48 በመቶ ቀነሰ። በሳህን ላይ ያለው ሕዋስ ሲራብ ባክቴሪያውን ገደለ፤ በመንደር ያለው ሰው ግን ከበሽታው የዳነው ሲበላ ነው።

ይህ ንጽጽር የጽሑፉ ማእከል ነው። በሳህን ላይ የተራበው አንድ ዓይነት ሕዋስ ለጥቂት ሰዓታት ነው። የሚራበው ሰው ግን ሙሉ አካል ነው፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ የበሽታ መከላከያው ይዳከማል፣ መድኃኒቱም ሆዱን ይረብሸዋል። የምግብ እጥረት ያጎሳቆላቸውን ሕፃናት ያከመ የጤና ባለሙያ፣ ረሃብ ለሰውነት ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ስለ ጾም በሚዛኑ መናገር

በኢትዮጵያ ጾም ከሃይማኖት ጋር የተሳሰረ የኑሮ ሥርዓት ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላልን ትቶ፣ እንደ ጾሙ ዓይነት ከሰዓት በኋላ ድረስ ሳይቀምስ ይቆያል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ይጾማል። ሁለቱም የሚጾሙት ለፈጣሪያቸው እንጂ ለማይቶኮንድሪያቸው አይደለም። ጾም በእምነቱ ሚዛን ክቡር ነው፤ ክብሩን ለማስጠበቅ የኖቤል ሽልማት ምስክርነት አያስፈልገውም። ምስክርነቱ በኋላ ሳይጸና ቢቀር የሚጎዳው ደግሞ ጾሙ ራሱ ይሆናል።

የሰዓት ገደብ ያለው አመጋገብ ውፍረትን ለመቀነስ አንዳንዶችን ይረዳል። በ2022 ከቻይና የወጣው ጥናት ግን 139 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለ12 ወራት ተከታትሎ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ብቻ እየበሉ ምግባቸውን የቀነሱት፣ ያለ ሰዓት ገደብ ከቀነሱት በጉልህ የበለጠ ክብደት እንዳላጡ አግኝቷል። የሠራው በዋናነት የምግቡ መጠን መቀነስ ነው።

አደጋው የሚታየው በስኳር ሕመምተኞች ላይ ነው። በ13 አገሮች 12,243 የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተውና በ2004 የታተመው ጥናት፣ በረመዳን ወር ከባድ የደም ስኳር ማነስ በዓይነት 1 ሕመምተኞች 4.7 ጊዜ፣ በዓይነት 2 ሕመምተኞች 7.5 ጊዜ ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። ለሃይማኖቱ ሲል የሚጾም ታካሚ አስቀድሞ ሐኪሙን ቢያማክር መድኃኒቱ ሊስተካከልለት ይችላል፤ እምነቱም ለሕመምተኛ መፈቀዱን የሃይማኖት አባቱ ይነግሩታል። “ኦቶፋጂ” ብሎ ከስልኩ ባነበበው ተነሥቶ በድብቅ የሚራብ ታካሚ ግን ሐኪምም የሃይማኖት አባትም አያማክርም። አሳሳቢነቱም እዚህ ላይ ነው።

ማጠቃለያ፦ የባለሙያው ድርሻ

ከዚህ ሁሉ ለጤና ባለሙያው የሚተርፉ ጥቂት ተግባራዊ ነጥቦች አሉ። አንደኛ፣ ታካሚው ስለ ኦቶፋጂ ሲጠይቅ መሳለቅ አይገባም፤ ጥያቄው ለመዳን ካለው ጉጉት የመነጨ ነው፤ የተሳለቁበት ታካሚ ደግሞ ሁለተኛ አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ መልሱ አጭርና እውነተኛ ሊሆን ይገባል፦ “ሥርዓቱ እውነት ነው፤ በሰውነትዎ ውስጥ አሁንም እየሠራ ነው፤ በረሃብ ካንሰርን ወይም ሌላ ሕመምን እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም።” ሦስተኛ፣ ኢንሱሊን ወይም ስኳርን አብዝተው የሚያወርዱ እንክብሎችን የሚወስዱ፣ እርጉዞች፣ ክብደታቸው የቀነሰ፣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ ታካሚዎች ጾም ስለመጀመራቸው ሳይጠብቁ ሊጠየቁ ይገባል። አራተኛ፣ ባለሙያው ራሱ ለሚያነበው ጥናት ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርብ፦ በማን ላይ ተሠራ? ምን ተለካ? የተለካው ነገር ታካሚ ዳነ ማለት ነውን?

በ2021 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ከአምስት ቤተሰቦች የተገኙ፣ ኤቲጂ7 የተባለው የኦቶፋጂ ጂናቸው ክፉኛ የተጎዳ 12 ሰዎች ታሪክ ታትሟል። ሰዎቹ የአንጎል እድገት ጉድለትና የእንቅስቃሴ መዛባት አለባቸው፤ ሆኖም በሕይወት አሉ። አይጥ ያለዚህ ጂን ከተወለደች በኋላ አንድ ቀን አትቆይም፤ ሰው ግን ቆየ። ሰው ትልቅ እርሾ፣ ወይም ትልቅ አይጥ፣ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አያሻም። ሕዋስ ከማፍረሱ በፊት ምልክቱን ያነባል፤ የተጎዳውን ከደኅናው ይለያል። ለታካሚ ቃል የሚሰጥ ባለሙያም ቃሉን ከመስጠቱ በፊት የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው መለየት ግዴታው ነው።